ያልጠየቅሁት ጥያቄ

በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል በነርስነት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ዕድሜዋ ወደ 26 የሚጠጋ ጨርቅ ነጋዴ ሴት፣ እኅቷ ደግፋት መጣች። ከወር በላይ ከአልጋ አልወርድም ማለቷን፣ ምግብ መተዋን፣ ሱቋን መዝጋቷንና ሞቷን መመኘቷን እኅቷ ስትነግረኝ፣ እርሷ መሬት መሬቱን እያየች ለጥያቄዎቼ በአንድ ቃል ብቻ ትመልስ ነበር። ምልክቶቹ ለድባቴ ከሚጠበቀው የ2 ሳምንት ጊዜ ያለፉ ስለነበሩ አልተጠራጠርሁም፤ ካርዷ ላይ ድባቴ ብዬ ጽፌ ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት አስጀመርኋት።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሞቿ ይዘዋት ገቡ። 4 ሌሊት አልተኛችም፤ ንግግሯ ከመፍጠኑ የተነሣ አይያዝም፤ የሱቋን ጨርቅ ለአላፊ አግዳሚው አድላ ጨርሳለች፤ ፈጣሪ በስሟ ጠርቶ እንዳነጋገራትም ትናገራለች። ተረኛው ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ ወደ ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ መስማትና ከእውነታ መራቅ ወደሚታይበት የአእምሮ ሕመም አዘነበለ።

ነገሩን የፈቱት እናቷ ናቸው። «ከሁለት ዓመት በፊትም ለጥምቀት ሰሞን እንዲሁ ሆና ነበር፤ 10 ቀን ያህል እንቅልፍ ሳያሻት ስትሠራ፣ ስትዘፍን፣ ለሰው ገንዘብ ስትበትን ከረመች፤ ጠበል ወስደናት ተሻላት» አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን ለምን እንዳልተነገረኝ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እናንተ የጠየቃችሁት ስለ ኀዘኗ ነው፤ ያኔ እኮ ደስተኛ ነበረች» ብለው መለሱልኝ።

እውነታቸውን ስለነበረ መልሳቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሕመሟ ባይፖላር ነበር፤ ስሜት አንዴ ከመጠን በላይ ከፍ፣ አንዴ ደግሞ እጅግ ዝቅ የሚልበት። ባይፖላር ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ስሜቱ ሲወድቅ ነው፤ ከፍ ያለበትን ወቅት እርሱም ቤተሰቡም ብርታት ይሉታል። የድባቴ መድኃኒት ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይታከልበት ሲሰጠው ወደ ማኒያ፣ ማለትም ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍ ወደሚልበት ሁኔታ ሊገፋው ይችላል። ድምፅ መስማትም በስኪዞፍሬንያ ብቻ ሳይሆን በከባድ ማኒያም ሆነ በከባድ ድባቴ ይታያል፤ ለዚህ ነው የዕለቱን ሁኔታ ብቻ አይቶ ስም መስጠት የሚያሳስተው።

ፍሉኦክሴቲኑን አቁመን ሆስፒታል አስተኛናት፤ ኋላም ኩላሊቷና ታይሮይዷ በደም ምርመራ እየታየ ስሜት በሚያረጋጋው መድኃኒት በሊቲየም ተረጋጋች። አሁን በድባቴ ለሚመጣ ሁሉ፣ ትንሽ ተኝቶ ድካም ያልተሰማው፣ ሰዎችም «ምን ነካው?» ያሉበት ጊዜ እንደነበረ እጠይቃለሁ፤ ያንኑ ጥያቄ ለአስታማሚው ለብቻው እደግመዋለሁ። እርሷም ሱቋን ከፍታለች፤ እኅቷ የእንቅልፏን ሰዓት በደብተር እየመዘገበች በየቀጠሮው ታሳየኛለች።