እንቅልፍ ፍለጋ ካትማንዱ ድረስ

እማዬ ታማ በነበረችበት ዓመት ከሷ ክፍል ቀጥሎ ነበር የምተኛው፣ በሯን ገርበብ አድርጌ፣ ትንሽ ካቃሰተች ወይ ብርጭቆ ከነካች ብድግ ነው። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፣ እኔን ግን ያ ልማድ አልለቀቀኝም። ሌሊት ፍሪጅ ሲነሳ እነቃለሁ፣ የጎረቤት በር ሲዘጋ እነቃለሁ፣ ድመት ቆርቆሮ ላይ ስትሄድ እነቃለሁ፣ አንዴ ከነቃሁ ደሞ በቃ ነጋ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመርምሬ ምንም የለብሽም እረፍት አድርጊ ተባልኩ። ስለ ሲንጊንግ ቦውል፣ ማለትም ስለዛ ሲመታ ረጅም ድምፅ ስለሚያወጣው የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን ብዙ አንብቤ ነበርና የተጠራቀመ ፈቃዴን ወስጄ እዛው ሀገሩ ኔፓል ድረስ ሄጄ ልስማው አልኩ።

ቪዛው አማረረኝ። የብዙ ሀገር ሰው ካትማንዱ ኤርፖርት ሲደርስ ነው የሚመታለት፣ የእኛ ፓስፖርት ግን ከማይመታላቸው ጥቂቶች ውስጥ ነው፣ ቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል፣ እሱ ብቻ ሁለት ወር በላ። በረራው ረጅም ነው፣ አልተኛሁም።

ስደርስ ሰዓቴን ላስተካክል ስል ከእኛ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይደለም፣ 45 ደቂቃ። ዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው፣ እኛ ከፈረንጁ 7 ወይ 8 ዓመት ወደኋላ እንደሆንነው እነሱ ደሞ 56 ዓመት ከምናምን ወደፊት ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደራቸውን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ የራሱን ቁጥር ያልጣለ ሌላ ሕዝብ ሳገኝ ዘመድ ያገኘሁ ነው የሚመስለኝ።

ደስታው ታክሲ ላይ አለቀ። ታሜል ወደሚባለው የቱሪስት ሰፈር 1500 ሩፒ ተቀበለኝ፣ ሆቴል ስጠይቅ 800 ይበቃው ነበር አሉኝ። ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩም፣ እስካሁን ግን ይከነክነኛል። ሌሊቱ ደሞ አይነሳ። እስከ ስድስት ሰዓት ከታች ካለው ባር ሙዚቃ፣ እሱ ሲዘጋ ውሾቹ ጀመሩ። የካትማንዱ ውሻ ቀን ቀን መንገድ ላይ ተዘርግቶ ሰው እየተሻገረው ይተኛል፣ ማታ አንዱ ሲጀምር ከተማው በሙሉ ይቀበለዋል። የአዲስ አበባ ውሻ ቢያንስ ጅብ ሸቶት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብዬ፣ ከድምፅ ሸሽቼ ድምፅ ውስጥ ገባሁ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ እዛው ሰፈር አንድ ቤት ገባሁ፣ ለአንድ ሰዓት 4000 ሩፒ ተባልኩ፣ 35 ደቂቃ አልሞላም። ሰውዬው ሳህኖቹ ከሰባት ብረት የተሰሩ ናቸው አለኝ፣ ወርቁ የፀሐይ፣ ብሩ የጨረቃ፣ ብረቱ የማርስ እያለ ቆጠረልኝ። ይሁን። ከዛ ግን ይሄኛው ኩላሊት ይፈውሳል፣ ያኛው ስኳር ያወርዳል ሲል ተነስቼ ልውጣ ምንም አልቀረኝም። አንድ ዓመት ሙሉ የእናቱን መድኃኒት በሰዓት ሲሰጥ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ያመዋል። አንዱ በሽተኛ አምኖት ክኒኑን ቢያቆምስ? ተኝቼ ሳህኑን አናቴ ላይ ሲመታው የማስበው ይሄንን ብቻ ነበር፣ ምን እንደሰማሁም አላውቅም።

ሳህኑ የሚሰራበትን ለማየት ፓታን ሄድኩ፣ ከጥንት ጀምሮ የብረት ሰራተኞች ከተማ ነው፣ ከካትማንዱ ባግማቲ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ። የሄድኩት ግን ቅዳሜ ነበር፣ ለካ የኔፓል የሳምንት እረፍት ቅዳሜ ነው፣ ዎርክሾፑ ዝግ፣ ቀኑ ባከነ። እሁድ ተመለስኩ። አራት ሰዎች አንድ የጋለ ብረት ከበው በየተራ በመዶሻ ይመቱታል፣ አንዱ በጉጠት ይዞ እያዞረ፣ ቅላቱ ሲጠፋ መልሰው እሳት ውስጥ ይከቱታል። ለምን ሲቀዘቅዝ አትመቱትም ብዬ ጠየቅኩ፣ ቀዝቅዞ ከተመታ ይሰነጠቃል አለኝ ሽማግሌው። ሰባቱንም ብረት ጠየቅኩት፣ ሳቀና ሁለት ጣቱን አሳየኝ። መዳብና ቲን የሚባለው ለስላሳ ነጭ ብረት ነው፣ መዳቡ አራት እጅ ቢሆን ቲኑ አንድ እጅ ገደማ። ለሽያጭ ሊዋሸኝ ሲችል እውነቱን ስለነገረኝ ብቻ ወደድኩት። ድሮ እህልና ምግብ ይቀመጥበት የነበረ ዕቃ ነው፣ የጥንት ቲቤታውያን ሕክምና ነው እየተባለ ቢሸጥም አሁን በምናውቀው መልኩ ለመዝናኛና ለሕክምና መዋል የጀመረው በፈረንጁ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ወዲህ በምዕራባውያን ነው። እኔ ይሄ ቅር አላሰኘኝም፣ ዕቃው ድምፅ አለው፣ ድምፁ ይበቃል።

ሽማግሌው አንዱን አንስቶ መታልኝ። ድምፁ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ዋ...ዋ...ዋ እያለ ይተነፍሳል። በእጅ የተቀጠቀጠ ስለሆነ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አይሆንም፣ ስለዚህ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንዴ እየተደጋገፉ አንዴ እየተጠፋፉ ነው ያ ትንፋሽ የሚመጣው። በዓቢይ ፆም በገና ሲደረደር ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ይገባዋል፣ አሥሩም አውታር ስር ቁራጭ ቆዳ ገብቶ እንደ ንብ እዝዝ የሚያደርገው ነገር፣ ደረት ውስጥ የሚገባው። በገና ፀሎት ነው፣ ከዚህ ጋር አላመሳስለውም፣ ግን ሰውነቴ የሚያውቀው ነገር ነው የሰማሁት።

ፖካራ የምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ሁለት ቀን ሄጄ ተመለስኩ፣ መንገዱ እየተሰራ ስለነበር 200 ኪሎሜትሩን ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን፣ ሐይቁ ያምራል።

ሳህን የምትመታ አንዲት ሴትዮ አለች፣ የምትሰራው ቦውድሃናት ስቱፓ ከሚባለው ትልቅ የቡድሂስቶች መቅደስ አጠገብ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። የፓታኑ ሽማግሌ ነው የላከኝ፣ አድራሻውን በራሱ እጅ ፅፎ። ሁሉም ዲዲ ይላታል፣ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው፣ እኔም ዲዲ አልኳት። ስድስት ሰዎች ነበርን። ከመጀመሯ በፊት አንድ በአንድ ጠየቀችን፣ እርጉዝ አለች ወይ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ልቡ ላይ ማሽን የተገጠመለት። አንድ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አንቺ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ሳህን ሰውነትሽ ላይ አይቀመጥም አለቻት። ምን ይፈውሳል ብዬ ስጠይቃት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሰው እዚህ መጥቶ ያርፋል አለችኝ። እዛው ላይ ትከሻዬ ወረደ።

መጀመሪያ ቁጭ እንዳልን ትልቁን ሳህን አንዴ መታችውና ድምፁ ያለቀለት ሰው እጁን ያንሳ አለች። ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሌሎቹ አምስቱ ገና እየሰሙ ነው! ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ሰው በላይ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ መታችው፣ አሁንም ቀደምኩ። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ገባኝ። ጆሮዬ ድምፅ ሲጀምር ነው የሚያውቀው፣ ምንድነው፣ እማዬ ናት፣ ልነሳ? አይደለም? በቃ ይተወዋል። ዓመት ሙሉ ዘበኛ አድርጌው አንድን ድምፅ እስከመጨረሻው የመከተል ነገር ጠፍቶበታል። ይሄ ሳህን ደሞ ተነሺ አይለኝም፣ ውሃ አምጪ አይለኝም፣ ይሰማል፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ አንዱ ጋ ሲደርስ እየሰማሁት ይሁን እያሰብኩት ለመለየት ያስቸግራል።

ከዛ በጀርባችን ተኛን። አንድ ሳህን ሆዴ ላይ አስቀምጣ በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ቀስ ብላ ትመታዋለች፣ ድምፁ ሳይሆን ንዝረቱ ነው ቀድሞ የሚደርሰው፣ በጎድን አጥንት አድርጎ እስከ ተረከዝ። ውጪ ሞተርሳይክል ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁት፣ ሰምቼው ዝም አልኩ። ከዛ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ ጨላልሟል፣ ሌሎቹ ሄደዋል፣ ብርድ ልብስ ደርባልኝ እሷ በር አጠገብ ቁጭ ብላ ሳህን እየወለወለች ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተኝተሻል አለችኝ። የወተት ሻይ አፈላችልኝ። ዋጋው 1500 ነው፣ 3000 ስሰጣት ግማሹን መልሳ መዳፌ ውስጥ አድርጋ ጣቶቼን አጠፈቻቸው።

ቀሪዎቹን ሦስት ቀናት ሌላ የትም አልሄድኩም፣ ጠዋት ስቱፓውን ከሰው ጋር በቀኝ እየዞርኩ፣ ከሰዓት እሷ ጋ። ስለዚህ ጉዳይ የተሰራ አንድ ጥናት አንብቤያለሁ፣ 62 ሰዎች ሳህኑን ከሰሙ በኋላ ጭንቀታቸውና ድካማቸው ቀንሶ ተገኝቷል፣ ግን የሚነፃፀር ሌላ ቡድን ስላልነበረ ሳህኑ ይሁን ዝም ብሎ መተኛቱ መለየት አይቻልም። የኔ ሁለቱም ይመስለኛል፣ የዲዲም ብርድ ልብስ አለበት።

ከሽማግሌው አንድ ሳህን ገዛሁ፣ በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ የኔው 900 ግራም ነው።

ቤት የገባሁት ማታ ነበር፣ እማዬ ሳህኑን አገላብጣ አይታ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደሽ ወጪት አመጣሽልኝ? አለች። ድሮም ለምግብ ነበር አልኳት። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ መዳፌ ላይ አድርጌ መታሁት፣ እማዬ ድምፁ ሲያልቅብሽ እጅሽን አንሺ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየ፣ ቆየ፣ ለእኔ አለቀ። አለቀ አይደል? ስላት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ዝም በይ፣ ገና ነው።»