ኢንዛይሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ሪፈረንሱን ፈትሹ

ይህን የምጽፈው የግሉኮስ ሴንሰር መሥራት ለምትጀምሩ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ኤሌክትሮድ ባልባከነ ነበር።

አሠራሩ ራሱ አይከብድም። በፕሩሺያን ብሉ (ፐርኦክሳይድን ለመለካት የሚረዳ ሰማያዊ የብረት ውህድ) የተሸፈነ፣ የታተመ የካርቦን ኤሌክትሮድ ገዛሁ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝን ከአልቡሚን ጋር ቀላቅዬ፣ በግሉታራልዴሃይድ አያይዤ ጠብ አደረግሁበት። ሲደርቅ አጠብኩት። አለቀ። ኢንዛይሙ ግሉኮስን ከኦክስጅን ጋር ሲያገናኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል፤ የምንለካው እሱን ነው። ፕሩሺያን ብሉን የመረጥኩት ዜሮ ቮልት አካባቢ ስለሚሠራ ነው። ፕላቲነም 0.6 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ደግሞ ቫይታሚን ሲ፣ ዩሪክ አሲድና ፓራሲታሞልም አብረው ይለካሉ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባፈር (የአሲድነት መጠኑ በቀላሉ የማይለዋወጥ ሙሙት) ውስጥ ያወጣሁት የካሊብሬሽን መስመር፣ ማለትም የታወቀ የግሉኮስ መጠንን ከከረንቱ ጋር የሚያዛምደው፣ ቀጥ ያለ ነበር። የግሉኮስ መጠኑን አስቀድሜ የማውቀው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ላይ ስሞክረው ግን ቁጥሩ ከእውነቱ ጋር አይገናኝም። ለኤሌክትሮዱ አቅራቢ ጻፍኩ። "ኢንዛይሙን ይቀይሩ" አሉኝ። ቀየርኩ፤ ያው ነው። ደግሜ ጻፍኩ። "ግሉታራልዴሃይዱን ይቀንሱ" አሉ። ቀነስኩ፤ አሁንም ያው። ስለ ሪፈረንስ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ቮልቴጁ ከእሱ አንጻር ስለሚለካበት መነሻ፣ አንድም ሰው አላነሳም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃውን የሠሩት እነሱ ናቸው።

የታተመው ኤሌክትሮድ ላይ ያለው ሪፈረንስ የብርና የብር ክሎራይድ ቅብ ነው። የመስታወቱ ሪፈረንስ የራሱ የክሎራይድ ሙሙት በውስጡ አለው፤ ይሄኛው ግን የለውም። በቀጥታ የሚነካው ናሙናችሁን ነው። ስለዚህ ቮልቴጁን የሚወስነው ናሙናው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው። ክሎራይዱ 10 እጥፍ ሲለዋወጥ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 59 ሚሊቮልት ያህል ይንሸራተታል። ሴረም ውስጥ 100 ሚሊሞላር ገደማ ክሎራይድ አለ። የኤሌክትሮዱ መመሪያ ላይ የተጻፈው ግን "ፎስፌት ባፈር" ብቻ ነው፤ ክሎራይድ የሚባል ነገር የለበትም። በአንድ ቮልቴጅ ካሊብሬት አድርጌ በሌላ ቮልቴጅ ስለካ ነበር ማለት ነው! ክሎራይድ ሲጎድል ሪፈረንሱ ወደ ፖዘቲቭ ይሸሻል፤ ፕሩሺያን ብሉው በሚገባው መጠን ኤሌክትሮን አይቀበልም፤ ከረንቱ ይወርዳል።

ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የታተመውን ሪፈረንስና አንድ ጤነኛ የመስታወት ሪፈረንስ እዚያው ሙሙት ውስጥ ንከሩና በመካከላቸው ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ለኩ። መጀመሪያ በባፈሩ፣ ቀጥሎ በናሙናው። ልዩነቱ ከተቀያየረ ኢንዛይሙን ተዉት። ይህን ሳታደርጉ አንዲት ጠብታ ኢንዛይም አታባክኑ።

እኔ አሁን ባፈሩ ላይ 0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ እጨምራለሁ። ካሊብሬሽኑንም ሴረሙንም የማዘጋጀው በዚሁ ባፈር ነው። ሶዲየም ክሎራይድ አይሆንም፤ ፕሩሺያን ብሉ የሚፈልገው ፖታሲየም ነው። ፒኤቹንም (የአሲድነት መለኪያውን) ከ7 በታች አድርጉት። ብዙ ጽሑፍ 7.4 ይላል፤ ለኢንዛይሙ ምንም አይደል፣ ፕሩሺያን ብሉው ግን ቀስ በቀስ እየተሸረሸረ ያልቃል።

ሌላው መመሪያው የሚለው ግሉኮሱን በጥብጣችሁ ወዲያው ተጠቀሙ ነው። እኔ በፍጹም አልስማማም። ኢንዛይሙ የሚያውቀው ቤታ የሚባለውን የግሉኮስ ቅርጽ ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልፋ ነው። ሁለቱ ሚዛናቸውን እስኪይዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። በጥብጡትና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።