«ተራ ናት» ያልኳት ሳንቲም

ሳንቲሟ የተገኘችው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የውኃ መስመር ከመቆፈሩ በፊት መሬቱን በሜታል ዲቴክተር እያሰስን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያገኘነው ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭና የጥይት ቀለህ ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ጥርት ያለ ድምፅ ሲያሰማ ሁላችንም ተሯሯጥን። አንድ ስንዝር እንኳ ሳንቆፍር ክብ፣ አረንጓዴ፣ ጭቃ የለበሰች ነገር ብቅ አለች።

«የፋሲል ገንዘብ!» አለ አንዱ ቆፋሪ። አልፈርድበትም፤ ጎንደር ላይ ከመሬት የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚታሰበው ለፋሲል ነው። ግን የጎንደር ነገሥታት ሳንቲም አላስመቱም። የዚያን ጊዜ ገበያ አሞሌ ጨው ያውቃል፣ ኋላ ደግሞ ማርትሬዛ ብር። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ቅይር አለ።

ቢሮ ገብቼ አንዱን ፊት በለስላሳ ብሩሽና በተጣራ ውኃ አጸዳሁ። ስፋቷ 22 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። አበባ ላይ ያረፈች ንብ ታየችኝ። በቃ፣ ታወቀች። የጣሊያን አሥር ቼንቴሲሚ ናት፣ በቪቶሪዮ አማኑኤሌ ሣልሳዊ ስም እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1937 የተመታችው። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ይዞ ስለነበር እዚህ መገኘቷ አይገርምም።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው «እህ፣ ምንድናት?» አሉኝ።

«ተራ ናት ጋሼ፤ የጣሊያን አሥር ሳንቲም። ይህ ነው የሚባል ዋጋ የላትም።»

እሳቸው ሄዱ። እኔ ገለበጥኳት።

በሌላው ፊት ዝገቱ ላይ ድርና ማግ ነበር። እውነተኛ ድርና ማግ፣ በአጉሊ መነጽር አንዱ ክር በሌላው ላይ ሲያልፍ የሚታይ። መዳብ ሲዝግ የነካውን ጨርቅ ዘልቆ ይገባል፤ ክሩ በስብሶ ቢያልቅም ቅርጹ በዝገቱ ውስጥ ይቀራል። ክሮቹ እኩል አልነበሩም፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ያለ፣ በእንዝርት እንደተፈተለ። አያቴ ሳንቲሟን በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር ትዝ አለችኝ። ይቺም አንዲት ሴት ቋጥራት የጣለቻት ትሆን? ማረጋገጥ አልችልም፤ ግን ከዚያ ሌላ ማሰብ አቃተኝ። ቀኑ መሽቶ ነበር፣ መብራትም ጠፋ። ጠዋት በደህና ካሜራ አነሳታለሁ ብዬ ወረቀት ላይ አስቀምጫት ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ አዲስ ድስት ታበራለች። አጠገቧ የተጨመቀ ግማሽ ሎሚና ጨው ያለበት ሳህን አለ። ጋሼ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ማልደው ገብተው አጥበዋት ነው።

«አየህ፣ እንዴት እንዳማረች!»

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «አንተው አይደለህ እንዴ ተራ ናት ያልከው?» አሉኝ። ቁጣም አልነበረባቸው። የምመልሰው አጣሁ። እስከ ዛሬም አጣለሁ፤ ምክንያቱም ልክ ናቸው። እኔ የተናገርኩት ስለ ገበያ ዋጋዋ ነበር፣ እሳቸው የሰሙት ግን «እንደፈለጋችሁ አድርጓት» የሚል ነው። ያየሁትን ያንኑ ማታ ብነግራቸው ኖሮ ቁልፍ ቆልፈው የሚጠብቋት እሳቸው ነበሩ።

ክረምት ሲገባ ሳንቲሟ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። የነሐስ በሽታ የምንለው ነው። ሎሚው ዝገቱን ገፈፈው፣ ከጨው የመጣው ክሎራይድ ወደ ብረቱ ገባ፣ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ቀሰቀሰው። ዝም ከተባለ ብረቱን እየበላ ይሄዳል። ውኃውን እየቀየርኩ ለሳምንታት በተጣራ ውኃ ዘፈዘፍኳት። ዱቄቱን በስንጥር እንጨት፣ ነጥብ በነጥብ፣ አጉሊ መነጽር ሥር አነሳሁ። በአሴቶን አደረቅኳት፤ ከዚያ ጓንት አድርጌ በአልኮል የተሟሟ ቤንዞትሪያዞል በሚባል ዝገት የሚገታ ኬሚካል ውስጥ አቆየኋት፣ በስተመጨረሻ ስስ ሰም ቀባኋት። አሁን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በታሸገ ሳጥን ውስጥ ናት። የሲሊካ ጄሉ ቀለም ሲቀየር መጥተው የሚነግሩኝ ጋሼ ናቸው።

መመዝገቢያ ካርዷ ላይ «በጀርባዋ የጨርቅ አሻራ ነበረ» ብዬ ጽፌአለሁ። ካርዱን የገመገመ ባለሙያ በእርሳስ «ማስረጃ?» ብሎ መለሰልኝ። መስመሩን አልሰረዝኩትም። ከሥሩ፣ «ፎቶ» በሚለው ቦታ «አልተነሳም» ብዬ ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ።