«መጥቸ» ማለትን የተውሁበትና የመለስሁበት መንገድ

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም፣ ቢቸና ነው። አዲስ አበባ መጥቼ በስልክ የደንበኞችን ጥያቄ በሚመልስ ክፍል በተቀጠርሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አለቃዬ የተቀዳ ንግግሬን አስደምጠውኝ «ይህ ‹አይቸ›፣ ‹ደውየ› የምትለው ነገር ለደንበኛ አይሆንም፤ አስተካክለው» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

አዲስ አበባ በኃምስ (በአምስተኛው ፊደል) የሚነገረውን መድረሻ፣ እኛ ከ«ች»፣ ከ«ጅ»ና ከ«ይ» በኋላ ሲሆን በግዕዝ (በመጀመሪያው ፊደል) እንለዋለን፤ «ልጄ»ን «ልጀ»፣ «መጥቼ»ን «መጥቸ» እንደምንለው ማለት ነው። መጀመሪያ ጋዜጣ ጮክ ብዬ በማንበብ ላርመው ሞከርሁ፤ አልጠቀመኝም፤ ምላስ ፊደሉን እየተከተለ ይሄዳልና። ዘዬ የሚወጣው ሰው ሲያወራ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ የዋልሁበትን ለስልኬ መቅጃ እየተረክሁ፣ መልሼ እያዳመጥሁ የሳትሁትን እቆጥር ጀመር። በመጀመሪያው ምሽት በአሥር ደቂቃ ወሬ 23 ጊዜ ስቻለሁ፤ በሦስተኛው ወር ከ2 አላለፈም። ቅላጼው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስቸኩልና ስናደድ ይመለሳል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ዘንድ ከጎረቤት ስልክ ደወልሁ። ሰላምታዬን ዝም ብላ አዳምጣ ስታበቃ፣ ለእንግዳ ሰው በሚባልበት ድምፅ «ማን ልበል?» አለችኝ። ስሜን ስነግራት «ልጀ! ምን ሆነህብኝ ነው?» ብላ ታምሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያረምሁት እሷው ያስተማረችኝን አፍ ነበርና።

የቋንቋ ሊቃውንት የአማርኛን ዘዬዎች የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ ብለው ሲከፍሉ፣ የአዲስ አበባው ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ሚዛን ያደረገው የመንግሥት፣ የትምህርት ቤትና የሬዲዮ መናኸሪያ መሆኑ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ፣ ለሥራ የሚያስፈልገኝን ስለማመድ እፍረቱን አብሬ አልሸከምም ነበር። አሁን ቤት ስደውል «ደውየ አጣሁሽ» እላለሁ፤ ከቢሮ ሳልወጣም ቢሆን፣ ባልደረቦቼ እየሰሙም ቢሆን።

ዛሬ አዲስ ሠራተኞችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ከመንዝ የመጣ ልጅ «ተቤትዎ ነው የሚደውሉት?» ብሎ ሲለማመድ፣ ወዲያው «ከቤትዎ» ብሎ ራሱን አርሞ በፍርሃት አየኝ። እንዲያስተካክል የጠየቅሁት የሂሳብ ቁጥሩን ቀስ ብሎ፣ ሁለት ሁለት አኃዝ እየለየ እንዲናገር ብቻ ነው።