እንደ ሞላ ጋን

ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ አዋቂዎች የሚተኙበት ክፍል ስሠራ የገጠመኝ ነው። ሰውየው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ገበሬ ነው። ከደላንታ በኩል በቃሬዛ ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና ነው የመጣው። የሳንባ ምች ነው ተብሎ ተኛ። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጀመርንለት። ሁለት ቀን ቀለል አለውና ደስ አለኝ። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ማታ ማታ አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

በአራተኛው ቀን መድኃኒቱን ልለውጥ ካርዱን ሳነሳ አንድ ሲኒየር ሐኪም «ዶክተር፣ ጀርባውን መትተሽ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። ቁጭ ሲል ስለሚያመው እያዘንኩለት በየቀኑ ከፊት ብቻ ነበር የማዳምጠው። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግፈን አስቀመጥነው። አንዱን ጣቴን በጎድኖቹ መሃል አሳርፌ በሌላው መታ መታ አደረግኩ። ግራው ያስተጋባል። ቀኙ ከብራኳው በታች ድፍን ነው፤ እናቴ ጠላው የት እንደደረሰ ለማወቅ ጋኑን ስታንኳኳ፣ የሞላው ጋር ስትደርስ የምሰማው ድምፅ። አልትራሳውንዱ ውሃ መቋጠሩን አሳየን። በመርፌ ስንስበው ግን የወጣው ወፍራም፣ ሽታው ክፍሉን ያወደ መግል ነበር።

ሳንባን የሚሸፍኑት ሁለት ስስ ሽፋኖች ናቸው፤ በመሃላቸው ጥቂት የሻይ ማንኪያ የምትሆን ማለስለሻ ፈሳሽ አለች። የሳንባ ምች ሲጠና እዚያ ውሃ ይቋጠራል፤ ብዙ ጊዜ ምቹ ሲድን አብሮ ይጠፋል። ጀርም ገብቶበት መግል ሲሆን ግን ኢምፓየማ ነው፣ በደም የሚሄደው መድኃኒትም ብቻውን አይበቃውም፤ በጎን በኩል ቱቦ ገብቶ መግሉ መውጣት አለበት። ከቆየማ መግሉ ውስጥ ግድግዳ እየሠራ ክፍልፍል ይሆናል፤ ያኔ ቱቦም ላይበቃ፣ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። እኔ ላደርግ የነበረው እሾሁን ሳልነቅል ቁስሉን መቀባት ነው።

ቱቦ ይግባ ስንል ሚስቱ አለቀሰች። «ጎኑ ከተበሳማ ትንፋሹ በዚያው ይወጣል!» «አብሽሪ እህቴ» ብዬ መግሉ የሚወርድበትን፣ ውሃ ያለበትን ጠርሙስ አሳየኋት። የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ ስለሚጠልቅ መግሉ ይወጣል፣ አየር ግን ተመልሶ አይገባም። አደራ ያልኳት አንድ ነገር ነው፦ ጠርሙሱ ሁሌም ከደረቱ በታች ይሁን። ቱቦው ከገባ በኋላ ባሏ በተነፈሰ ቁጥር ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታየው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ናሙናውን ለቲቢም ላክን፤ እኛ አገር እሱ ሳይታይ አይታለፍም። መድኃኒቱ ለሳምንታት ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀውና ምግብ ጠየቀ።

ሊወጡ ሰሞን ጎን ካለው አልጋ ሌላ ቱቦ የገባለት በሽተኛ ነበር። የሱ ወንድም አልጋ ሊያነጥፍ ጠርሙሱን ብድግ ሲያደርግ ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። «ዝቅ አርገው ወንድሜ፣ ከደረቱ በላይ አይሆንም!»