የዘይቱኑ ቅርንጫፍ

ዛሬ ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታችን፣ ጎረቤታችን ጋሼ ከግቢያቸው የቆረጡትን የዘይቱን ቅርንጫፍ ለአኳሪየሜ፣ ማለትም ዓሦቼን ለማኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ሳዘጋጅ ዋልሁ። እርጥብ እንጨት እንዲሁ ውኃ ውስጥ ቢገባ ጭማቂው ባክቴሪያን አራብቶ ዓሦቹ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጥ፣ በመጀመሪያ ልጡን እስከ ነጩ እንጨት ድረስ ላጥሁት፤ ልጥ ትኩስ ሳለ በቀላሉ ይለቃል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ጣት ያቆስላል። ከዚያም እናቴ ለድግስ የምታወጣውን ትልቅ ድስት በብዙ ልመና አግኝቼ (እስካሁን ፊቷ አልተፈታም) ለ2 ሰዓታት ያህል ቀቀልሁት። ውኃው እንደ ቀጭን ሻይ ቀላ፤ ይህ ታኒን የሚባለው ከእንጨቱ የሚወጣ ቀለም ነው፣ ውኃውን ትንሽ አሲዳማ ከማድረጉ በቀር ዓሣን አይጎዳም።

አንድ ወዳጄ የብርብራ እንጨት ሊያመጣልኝ ነበር፤ ነገር ግን በጣና አካባቢ ዓሣ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ይበተን እንደነበር እያወቅሁ፣ ከዚያው ዛፍ ቆርጬ ዓሦቼ መካከል ለማስቀመጥ አልደፈርሁም። ባሕር ዛፍንም ቅባቱ ስላላስተማመነኝ ተውሁት።

ቅርንጫፉ አሁን ጥላ ሥር ተሰቅሏል። ለጥቂት ወራት ከደረቀ በኋላ ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ውኃውን እየቀየርሁ፣ በራሱ ክብደት እስኪሰምጥ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው ዓሦቼ በባዶ ጠጠር ላይ ይዋኛሉ።