ታኅሣሥ ላይ ጭቃ የለም

ኅዳር 18፣ ማታ

በፕላስቲክ ሞዴል ታንኬ ላይ ሦስት ሳምንት የደከምሁበትን ጭቃ ዛሬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጥቤ አነሣሁት። ቲነር ለፕላስቲክ አይሆንም፣ ያቀልጠዋል፤ ነጭ ጋዝ ግን ቀስ እያለ የለጠፍሁትን ብቻ ይፈታዋል። እጄ አሁንም ይሸታል። ሳጥባት የሚቆጨኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ ከጭቃው ነጽታ ሳያት ግን ልቤ ረግቷል። ለምን እንዳጠብኋት ሳልረሳው ልጻፍ።

ኢጣሊያኖች ሲ.ቪ. 33 ያሏት፣ በኋላ ኤል 3 የተባለችው ትንሿ ታንክ ናት። እውነተኛዋ 3 ቶን ከ200 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ርዝመቷ ከ3 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተጣቦ ይቀመጥባታል። እንደ ሌሎቹ ታንኮች ላይዋ ላይ የሚዞር ጉልላት የላትም፤ ሁለቱ መትረየሶች ከነጂው በስተግራ ወደ ፊት ተተክለዋል። የእኔዋ የዚያ 35ኛ እጅ ናት፣ 9 ሳንቲ ሜትር፤ መዳፌ ላይ ትቀመጣለች። የሚገጣጠመውን ሞዴል ከነካርቶኑ ከውጭ ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ይህ 1 ለ35 የሚባል መጠን ታሪክ አለው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ድርጅት ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በፕላስቲክ ሲያወጣ፣ ሞተሩና ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ሲል የደረሰበት መጠን ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት።

መገጣጠሙ አልከበደኝም፣ ሁለት ማታ በቂ ነበር። ጊዜ የፈጀብኝ ማሻሻሉ ነው። የዚች ታንክ ብረት እጅግ ቢወፍር 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ35 ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፕላስቲኩ ግን እንደ ጣውላ ይወፍራል። ስለዚህ ጠርዝ ጠርዙን ከውስጥ በኩል በምላጭ እየላጥሁ አሳሳሁት፤ ከውጭ የሚያየው ቀጭን ብረት ይመስለዋል። ፓራፋንጎውን ከነጭራሹ ቆርጬ ጣልሁና ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ በመቀስ አውጥቼ ሌላ ሠራሁላት። የጣሳ ደግነቱ እንደ እውነተኛ ላሜራ መጣመሙ ነው፤ ጫፉን በጥፍሬ ትንሽ ጎንበስ ሳደርገው ድንጋይ የመታው መሰለ። የመትረየሶቹን አፍ በጋለ መርፌ በሳሁ። ያለዚህ መትረየስ ሳይሆን እንጨት ነው የሚመስል።

ከዚያ ቀለም። ግራጫ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን መረጥሁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የተሳሳትሁት፤ ስሕተቱም ከልጅነቴ የመጣ ነው።

ወደ አያቴ አገር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ቲ-55 የሚባል ታንክ ቆሞ ነበር፣ ደርግ ሲወድቅ የቀረ። በየጎኑ አምስት ጎማ አለው፤ ከአንደኛውና ከሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይታያል። ታንክ ከታንክ መለየት የተማርሁት በዚያ ክፍተት ነው። ፍየሎች ጥላው ሥር ይተኙ ነበር። ሴቶች የጋለው ብረት ላይ በርበሬ ያሰጡ ነበር። ዝገቱን ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ፦ ውሃ የሚተኛበት ጥግ ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ ከሥሩ ብርቱካን የመሰለ አዲስ ዝገት ብቅ ይላል፤ እረኞች የሚቀመጡበት ግን ከመታሸቱ የተነሣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደፍ ለስልሶ ያበራል። ታንክ ሲባል ለእኔ ያ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ባነሣሁ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ይችኛዋንም እንደዚያው አደረግኋት። መጀመሪያ የዝገት ቀለም፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ፣ በዚያ ላይ አረንጓዴው፤ ከዚያ በውሃ ነክሬ ስፈገፍገው አረንጓዴው እየተላጠ ዝገቱ ከሥር ወጣ። እንዴት ያምር ነበር! በላዩ ደግሞ ከደምቢያ ያስመጣሁትን ዋልካ በዘይት ቀለም ለውሼ እስከ ወገቧ ለጠፍሁባት።

ባለፈው እሑድ ለሰፈራችን በያጅ ወሰድሁለት። ሥራዬን ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለእሱ ነው የማሳይ፤ ብረት ያውቃል። «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አልሁት። መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አያት።

«ጥሩ ነው እጅህ። ስንት ክረምት ደበደባት?»

«እንዴት?»

«ብረቷን ነው የምልህ ልጄ። ስንት ዓመቷ ነው?»

አሰብሁ። ስሟ ላይ ያለው 33 የ1933 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ የምሠራት ደግሞ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ በሽሬ በኩል ባለው ደምበጉይና ላይ በጦራችን የተያዘችውን ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 1935 መሆኑ ነው። «ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው» አልሁት።

«ታዲያ ይሄ የሠላሳ ዓመት ዝገት ከየት መጣ?»

ከግቢው ጥግ ባለፈው ዓመት የበየደውን የመስኮት ፍሬም አምጥቶ አሳየኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ላይ ነበር። ፊቱ አልዛገም፤ ቀለሙ እንዳለ ነው። የዛገው ብየዳው ላይ፣ የተጫረበት ጋ፣ ውሃ ተኝቶ የሚያድርበት የታችኛው ማዕዘን ላይ ብቻ ነበር። «ቀለም የለበሰ ብረት ከደረቱ አይዝግም፣ ከቁስሉ ነው የሚጀምር» አለኝ። ሰንሰለቷንም አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄማ ማረሻ ማለት ነው። እያረሰ ያለ ማረሻ ዝጎ አይተህ ታውቃለህ?» አላየሁም። ሲያርስ የከረመ ማረሻ እንደ ብር ያበራል፤ የሚዝገው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው።

ቤቴ ስመለስ ዝገቱን በአረንጓዴ ሸፈንሁት። አንድ ቦታ ብቻ ተውሁላት፤ ማርሚታውን። ጭስ የሚወጣበት ብረት ቀለሙ በሙቀት ስለሚቃጠል በወራት ውስጥ ይዝጋል፣ አዲስ መኪና ላይም ቢሆን። እሱን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ጫፍ፣ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ቀጥሎ በጣም ጥቂት ብርቱካን እየነካሁ ሠራሁት፤ አፉ ላይ የተፈጨ ከሰል በጣቴ አሸሁበት። ሰንሰለቱን መሬት የሚነካው ጎን ጎኑን በእርሳስ አሸሁትና አበራ። ጋሼ ትክክል ነበር፤ ታንኪቱን ገና በእግሯ ያለች አስመሰላት።

ጭቃውን ግን ያኔም አልነካሁትም። ወድጄው ነበር።

ዛሬ ጠዋት አራዳ ገበያ ደርሼ ስመለስ ጫማዬን በር ላይ አራገፍሁ። አቧራ። ዝናቡ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው? እጄ ጫማው ላይ እንዳለ ታንኪቱ ትዝ አለችኝ። ያ ውጊያ የተደረገው ታኅሣሥ ላይ ነው። የራስ እምሩ ጦር ተከዜን በመልካው በእግሩ ተሻግሮ ነው ደምበጉይና የደረሰው። የደጃዝማች አያሌው ብሩ የእኛው የጎንደር ሰዎችም በዚያው ግንባር ነበሩ። ተከዜ በእግር በሚሻገሩበት ወራት ታንክ እስከ ወገብ የሚውጥ ጭቃ ከየት ይመጣል? ደግሞ የለጠፍሁት የደምቢያ ዋልካ ነው፤ እሷ ከመረብ ማዶ በአድዋ በኩል የመጣች ናት፣ ደምቢያን አላየችም። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። አውቄው ሳለሁ እጄ የልጅነቴን ታንክ ሲሠራ ዝም ብዬ አየሁት። ይኼ ነው የከነከነኝ። በዚያ ቦታ ሰው ሞቷል፤ ታንኪቱንም ጠመንጃ ይዘው የገጠሟት ሰዎች አሉ። ቢያንስ ወቅቱን ማክበር አለብኝ።

ለዚህ ነው ያጠብኋት።

ቀኑ ራሱ ኅዳር 18 መሆኑን ያስተዋልሁት ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ነው። በ1934 ዓ.ም. በዚች ቀን ነው የኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠ፤ በአገራችን የቀረው የመጨረሻው ትልቅ የኢጣሊያ ጦር። ፒያሳ ያለውን ፖስታ ቤት በየቀኑ እያየሁ አልፋለሁ፤ የእነሱ ሥራ ነው። ውሃ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚወርድ የተማርሁትም ከዚያና ከፋሲል ግንብ ነው። ከመስኮት ጥግ ይጀምራል፣ ከላይ ጠቆር ይላል፣ ወደ ታች ሲሄድ እየሳሳ ይጠፋል። ታንኪቱ ላይ ግን ይህንንም ቀነስሁት። በበጋ ምን ይወርዳል?

የቀረው አቧራ ነበር። እናቴ ለቡና የማትጠቀምበትን አሮጌ ሙቀጫ ሰጠችኝ። የአዘዞን መንገድ አፈር ወቅጬ በወንፊት፣ ከዚያም በአሮጌ ስቶኪንግ ነፋሁት፤ ጣት ላይ ዱቄት እስኪሆን። ከአፈሩ ቀለም በጣም አነጣሁት። ምክንያቱም ቀይም ይሁን ጥቁር፣ ደርቆ በስሱ ያረፈ አቧራ ሁልጊዜ ከመጣበት መሬት ይነጣል። በብሩሽ ከታች ወደ ላይ እየቀነስሁ አደረግሁት፤ ሰንሰለቱ ዙሪያ ብዙ፣ ጣሪያዋ ላይ ትንሽ። ከዚያ በነጭ ጋዝ ጠብታ እንዲይዝ አደረግሁ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር ፈልጌ እስካሁን እየሞከርሁ ነበር። መትረየሶቿ ወደ ፊት ብቻ ስለሚተኩሱ ዘማቾቹ በጎንና በኋላ መጥተው ላይዋ ላይ ወጡባት። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ጭረት ላደርግ ነበር፣ ሰው የወጣበት ቀለም ይጫራል ብዬ። ምላጩን አንሥቼ ተውሁት። ቦት ጫማ ነው የሚጭር። እነሱ ግን አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው ነበሩ። ባዶ እግር ብረት አይጭርም፤ አቧራ ብቻ ነው የሚጠርግ።

የሰው እግር በዚህ መጠን 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የክብሪት እንጨት ጫፍ ቀርጬ በእግር ቅርጽ አሾልሁት፤ በምላሴ አርጥቤ ከሞተሩ ክዳን ጀምሮ ወደ ነጂው መስኮት አቧራውን አንሥቼ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አራተኛው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠና ተበላሸ። አቧራውን መልሼ አድርጌበት እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው።